የአናጺው እግር ደኅና ነበር

በልደታ ማርያም ዙሪያ ከድሮው ሰው የቀረነው ጥቂት ነን። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ አናጺውን ወርቅአፈራሁን ሲያስታውስ «ያ እግሩን ያመው የነበረው» ይላል። ባለፈው ዓመት በጠመንጃ ያዥ ሰፈር በኩል ሳልፍ የልጁ ልጅ አግኝታኝ፣ «አያቴ እግራቸው በሽተኛ ነበር አሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መንገድ ላይ ቆሞ የሚነገር ስላልሆነ ዝም ብዬ አለፍኳት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ዝምታዬ ቆረቆረኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው።

ወርቅአፈራሁ ተወልዶ ያደገው ጠመንጃ ያዥ ነው። ሥራውም እንደ ሰፈሩ ስም ነበር፤ የአንድ ደጃዝማች ጠመንጃ ያዥ። ጠመንጃ ያዥ ማለት ተኳሽ ማለት አይደለም። ጌታው ሲቀመጥ ጠመንጃውን ይዞ ከኋላው የሚቆም ሰው ነው። ጌታው ሲበላ ይቆማል፣ ሲፈርድ ይቆማል፣ በወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋም ይቆማል። ወርቅአፈራሁ እንዲህ ሃያ ዓመት ቆመ። ደጃዝማቹ ሲሞቱ ጠመንጃውን አስረከበና ከአንድ አርመን አናጺ ዘንድ ገብቶ፣ በጎልማሳነቱ፣ መጋዝና መላጊያ መያዝ ተማረ። መጀመሪያ የሠራው ነገር ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበር። ገዢ መጥቶለት አልሸጠውም። ተቀመጠበት።

እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ሞቱማ እባላለሁ። የተዋወቅነው በ1925 ዓመተ ምሕረት ትምህርት ቤቱን ስንሠራ ነው። ወይዘሮ የሺሀረግ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ቦታ ለሰፈሩ ልጆች መማሪያ ሰጡ። እኔ ግድግዳውን ገነባሁ። ወርቅአፈራሁ በሩንና አግዳሚውን ሠራ። አብነት ሰፈር ይኖር የነበረው የወሎው ልብስ ሰፊ አብዱልመናን የአካባቢውን እስላሞች አስተባብሮ ጣራውን አለበሰው። ጠዋት ፊደልና ሂሳብ፣ ከሰዓት በኋላ አናጺነት ይሰጥበት ጀመር። ቤቱ የማንም ጌታ ቤት እንዳይሆን፣ መምህር የሚቀጥርና የሚያሰናብት፣ ትምህርቱንም የሚወስን የአምስት ሰው ጉባኤ አቆምን። አራታችን እነዚሁ የጠራኋቸው ነን። አምስተኛው ፈቃደ ነበር፤ የፖስታ ቤት ጸሐፊ፣ ከመካከላችን አማርኛ ማንበብና መጻፍ የሚችል እሱ ብቻ። ስለዚህ መዝገቡም ማኅተሙም በእጁ ሆነ።

ወርቅአፈራሁ ከዋንዛ እንጨት አምስት በርጩማ ሠራልን፤ ሁሉም በቁመት እኩል ነበሩ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሁላችንም ከተቀመጥን በኋላ፣ «እኔ አንድ ነገር አለኝ» አለ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ኖር አይባልም።»

የዛሬ ልጆች ይህን ላያውቁት ይችላሉ። የተከበረ ሰው ሲገባ የተቀመጠው «ኖር!» ብሎ ይነሳል፤ የመጣው «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጠዋል። ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነገር ነው። ሳይነሳ የቀረ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል።

ወይዘሮ የሺሀረግ ሳቁ። «ጳጳስ ቢመጣስ?»

«ጳጳስም ቢመጡ። ከደጅ ወጥተን እጃቸውን እንሳለማለን። ከዚህ ክፍል ውስጥ ግን ቁጭ እንዳልን ነው።»

«ምክንያቱን ንገረንና ልጻፈው» አለ ፈቃደ።

«ሃያ ዓመት ችሎት ላይ ቆሜአለሁ። ዳኛው ሊፈርድ ተቀምጦ ሳለ አንድ ትልቅ ሰው ይገባል። ዳኛው ኖር ብሎ ይነሳል። እንግዳው ከጎኑ ይቀመጣል፤ አንድ ቃል አይተነፍስም። ፍርዱ ወዴት እንደሚሄድ ግን እኔ ከኋላ ቆሜ አውቀው ነበር። ዳኛው ሲነሳ ፍርዱም አብሮ ይነሳል።»

አብዱልመናን ጢሙን እያሻሸ፣ «እኛም መስጊድ ሹም ገባ ብሎ ሶላቱን የሚያቋርጥ የለም። ይጻፍ» አለ።

ተጻፈ። አንደኛ፣ ጉባኤው ለማንም አይነሳም። ሁለተኛ፣ ከአምስቱ አንዱ ቢጎድል ምትኩን የቀሩት ይመርጣሉ እንጂ ከውጭ ሰው አይሾምባቸውም። ሁለተኛውን ሁላችንም ትልቅ ነገር ብለን ያዝነው። አንደኛውን የወርቅአፈራሁ አመል አድርገን ተቀበልነው።

በዓመቱ ግራዝማች ጋሻው መጡ። ግራዝማች በደጃዝማቹ ቤት አጋፋሪ የነበሩ ናቸው፤ ሰውን እንደየማዕረጉ ማን የት እንዲቀመጥ የሚያውቁ፣ ለዚህም የተሾሙ። ወርቅአፈራሁ ከጌታው ኋላ ሲቆም እሳቸው ከበሩ ይቆሙ ነበር። አሁንም ስማቸውን ስጽፍ አንቱ እላለሁ፤ አንዴ ለምዶብኛል። የመጡት የወንድማቸው ልጅ መምህር ሆኖ እንዲቀጠር ነው። በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ማንም አልተነሳም። እኔ ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ ነበር።

«ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አሉ።

«አለን ግራዝማች። ይግቡ፣ አግዳሚ አለ» አለ አብዱልመናን።

ለባለጉዳይ የተዘጋጀው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተናገሩ። ሰማን፤ አመሰገንን። ከሄዱ በኋላ የቀጠርነው የወንድማቸውን ልጅ ሳይሆን አስፋው የሚባል፣ የዳዊቱንም የሂሳቡንም ትምህርት የሚያውቅ ጨዋ ሰው ነው። ግራዝማች ሲወጡ በር ላይ ቆመው ወርቅአፈራሁን፣ «እኔ አንተን ስትቆም ነው የማውቅህ» አሉት።

«ሃያ ዓመት ቆሜአለሁ፤ ደከመኝ» አላቸው።

ይህን ቀልድ ሰፈሩ ወደደው። ግራዝማች ግን አልረሱትም።

ጣሊያን በ1928 ገባ። ከእኛ ሰፈር በታች ባለው ሜዳ አውሮፕላን ያርፍ ጀመር፤ ልጆቹ ፊደል ሲቆጥሩ ጩኸቱ ድምፃቸውን ይውጠው ነበር። በየካቲት 1929፣ በእነዚያ በሦስቱ የጭፍጨፋ ቀናት፣ ፈቃደን ከቤቱ ወሰዱት። አልተመለሰም፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከረመና በ1930 መስከረም ከፈትነው። የፈቃደን በርጩማ ባዶውን በቦታው አስቀመጥነው። መዝገቡን አስፋው እያነበበልን እንሠራ ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ ከጣሊያን ቢሮ ወረቀት መጣ። ትምህርት ቤቱ ክፍት ሆኖ እንዲቀጥል ከተፈለገ በጎደለው ጸሐፊ ምትክ ቢሮው የሚያምነው ሰው ይግባ ይላል። ሰውየው ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ግራዝማች ጋሻው ያን ጊዜ የሰፈሩ ሹም ሆነው ከቢሮው ይውሉ ነበር። የታሰበውንም አውቀናል፤ አስፋው ይሰናበታል፣ የአማርኛ ንባብ ይቀራል፣ ልጆቹ ለጣሊያን ካምፕ ሣጥንና አልጋ ይሠራሉ።

ያን ቀን ከሁላችንም የጠነከረው አብዱልመናን ነበር። ለብቻው ጠርተው ለእስላሞች ብቻ ትምህርት ቤት እንሠራልሃለን ብለውት ነበር። «ምን አልካቸው?» ብንለው፣ «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መርፌ ሁለቱንም ጨርቅ ካልወጋ ስፌት አይባልም አልኳቸው» አለን። አራታችንም ተማማልን። ወታደር ቢመጣ፣ አስተርጓሚ ቢመጣ፣ ሁለተኛውን ደንብ እንነግረዋለን፤ ከዘጉትም ይዝጉት እንጂ በእጃችን አንሰጥም አልን።

ለጠመንጃ ተዘጋጅተን ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነው።

በጥቅምት ማለቂያ የግራዝማች ጋሻው ባለቤት ወይዘሮ ተናኘወርቅ አርፈው ነበር። ባለቤታቸው የፈለጉትን ይሁኑ እንጂ እሳቸው የሰፈሩ እናት ነበሩ፤ ያላዋለዷት ሴት፣ ያልጠየቁት በሽተኛ አልነበረም። የሬሳ ሣጥናቸውን የሠራው ወርቅአፈራሁ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ጠዋት በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ሦስት ቀን ድንኳን ተቀምጦ አለቀሰ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዳገቱን የወጣው በእግሩ ነው።

ኅዳር 14 ቀን ከቀትር በኋላ ተሰብስበን ሳለ በሩ ተከፈተ። ሁለት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ ወታደሮች፣ ውጭ ቀሩ። ግራዝማች ጋሻው ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ጢማቸው አድጎ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። በሃያ ቀን ውስጥ ሃያ ዓመት አርጅተዋል። በሩ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው እንባ ያቀረረ ነበር፤ እውነተኛ እንባ መሆኑን ዛሬም አልክድም።

መጀመሪያ የተነሱት ወይዘሮ የሺሀረግ ናቸው። «ኖር፣ ኖር፣ የኔ ጌታ» አሉና እንባቸው መጣ። አብዱልመናን ተነሳ። እኔ ማን እንዳስነሳኝ አላውቅም፤ ራሴን ቆሜ አገኘሁት። ለሹም አልተነሳሁም፤ ለሐዘንተኛ ነው የተነሳሁት። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። ወርቅአፈራሁ ብቻ እንደተቀመጠ ቀረ።

«በእግዜር» አሉ ግራዝማች። ዙሪያውን አዩና፣ አንድ ባዶ በርጩማ ነበረ፤ ሄደው በፈቃደ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ወርቅአፈራሁ ተናገረ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ግራዝማች፣ ሐዘንዎን ከቤትዎ ደርሻለሁ። የእትዬ ተናኘወርቅን ሣጥን የሠራሁ እኔ ነኝ፤ እስክሞትም አለቅስላቸዋለሁ። ይህ በርጩማ ግን የፈቃደ ነው። አግዳሚው እዚያ አለ።»

«አንተ ሰው» አሉ ወይዘሮ የሺሀረግ፣ «ሰው ሐዘን ላይ ነው እኮ።»

«ዛሬን እንኳ ይለፍ ወንድሜ» አለ አብዱልመናን። «ዛሬን እንኳ።»

ወርቅአፈራሁ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም፣ «ዛሬን እንኳ» አልኩ።

ግራዝማች ስለ ቢሮው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ምንም አላነሱም። ለለቅሶ መድረሳችንን አመስግነው፣ ሟቿን አንስተው፣ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ሄዱ። መዝገቡ ከበርጩማው ሥር በአንዲት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ሲሄዱ ይዘውት ሄዱ። «እኔ ጽፌ አመጣዋለሁ» አሉ። ከአንድ ሐዘንተኛ እጅ ወረቀት የሚነጥቅ ማን ነው?

በሳምንቱ ማንንም ሳይጠይቁ መጥተው በዚያው በርጩማ ተቀመጡ። የተጻፈ ገጽ ዘረጉ። «ያለፈው ጊዜ የተነጋገርነው ነው፤ አሻራችሁን አድርጉበት» አሉ። ሳናነብ፣ ማንበብም ሳንችል፣ ሦስታችን አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን አተምን። አስፋውን ጠርታችሁ አስነብቡ ያለን ወርቅአፈራሁ ነው። «ግራዝማችን አታምኗቸውም ማለት ነው?» አሉ ወይዘሮ የሺሀረግ፤ አፈርን። እሱ አላተመም። በሦስተኛው ስብሰባ አስፋው ተሰናበተ። በአራተኛው የአማርኛ መጽሐፎቹ ተሰብስበው ወደ ቢሮው ተጫኑ። በአምስተኛው የወርቅአፈራሁ ስም ከጉባኤው ተሰረዘ፤ ምክንያቱም «በሕመም» ተባለ።

ያ ሕመም የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ መጀመሪያ አልገባኝም። ሰፈሩ ወርቅአፈራሁን ጠልቶት ነበር። ለሐዘንተኛ ያልተነሳ፣ አሳዳጊ የበደለው፣ ልቡ የዋንዛ እንጨት ነው አሉት። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሴቶቹ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ሥራ የሚያዘውም ቀነሰ። በዚህ መካከል ግራዝማች ጋሻው በየሄዱበት፣ «ተዉት፣ አትቀየሙት፤ ምስኪን እግሩን አሞት ነው ያልተነሳው» ይሉ ነበር። ሰውም፣ «እንዴት ያለ ትልቅ ልብ ነው» እያለ አደነቃቸው። እኔም ሞኝ ነበርኩ፤ የማስታረቂያ መንገድ መሰለኝ። ወደ ሱቁ ሄጄ፣ «እግሬን አሞኝ ነው በልና ይለፍልህ» አልኩት።

መላጊያውን አስቀምጦ ወደ ጉልበቱ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። «እግሬ ምን አደረገ?» አለኝ።

«ምንም አላደረገም። ግን ሰዉ...»

«ሞቱማ፣ ጠልተውኝ ቢቀሩ ይሻለኛል። የጠላኝ ሰው ቢያንስ እንዳልተነሳሁ ያውቃል። ያዘነልኝ ሰው እኮ ልነሳ ፈልጌ ያቃተኝ ነው የሚመስለው።»

ያን ቀን ነው ማንበብ እንዲያስተምረኝ የለመንኩት፤ እሱን ሳይሆን አስፋውን። አስፋው ሥራ አጥቶ በወርቅአፈራሁ ሱቅ ውስጥ መጋዝ ይስብ ነበር። ጣውላ ተልጎ ሲለሰልስ አስፋው በከሰል ፊደሉን ይጽፍበታል፤ እኔና ወርቅአፈራሁ እናነባለን። ሰው የመጣ እንደሆነ ወርቅአፈራሁ አንድ ጊዜ መላጊያውን ይገፋበታል፤ ሀሁ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ይወድቃል። እኔ ያን ጊዜ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተማርን። ቆየት ብሎ አብዱልመናንም አንገቱን ደፍቶ መጣ፤ ወርቅአፈራሁ ከወገቡ ቀና ሳይል፣ «ግባ፣ ቦታ አለ» አለው እንጂ ያለፈውን አላነሳበትም። ወይዘሮ የሺሀረግ አልመጡም። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ጀርባ ነበርና ልጆቹ የጣሊያን ሣጥን ተሸክመው ሲወጡ በየቀኑ ያያሉ።

ወርቅአፈራሁ በ1932 ክረምት ሳንባውን ታመመና ሞተ። ሳንባውን ነው፤ እግሩን አይደለም። የሬሳ ሣጥኑን የሚሠራ አናጺ በሰፈሩ ስላልነበረ እኔ ሠራሁት። ግንበኛ የሠራው ሣጥን ነበር፤ አንዱ ጎን ከሌላው ይረዝም ነበር። የሸኘነው አሥራ አንድ ሰዎች ነን።

በዓመቱ ጣሊያን ወጣ። ግራዝማች ጋሻው ትንሽ ጊዜ ከቤት ሳይወጡ ቆዩና፣ ዘመዶቻቸው ተማጽነውላቸው ምሕረት አግኝተው፣ ማዕረጋቸው ላይ ፊታውራሪ ተጨምሮላቸው ብቅ አሉ። ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት አዲስ ጉባኤ ተቋቋመ። እኔ ከድሮዎቹ ነህ ተብዬ ተጠራሁ። አብዱልመናን ወደ ወሎ ተመልሷል፤ ወይዘሮ የሺሀረግ አልጋ ይዘዋል። የቀሩት አዳዲስ ሰዎች ናቸው፤ ጸሐፊውም ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ያለው ወጣት ነው። ሰብሳቢው እስኪመጡ የድሮው መዝገብ ከጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አየሁና ገለጥኩት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች የፈቃደ ጽሕፈት ናቸው። አንደኛ፣ ጉባኤው ለማንም አይነሳም። ገልጬ ገልጬ ከኅዳር 14 ደረስኩ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ እንደ ሕፃን እየቆጠርኩ አነበብኩት።

«ግራዝማች ጋሻው በጎደሉት ጸሐፊ ምትክ ሲመረጡ ጉባኤው በሙሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ በደስታ ተቀብሏቸዋል። አናጺው ወርቅአፈራሁ ብቻ እግሩን ስላመመው አልተነሣም።»

ከሥሩ ሦስት አሻራ አለ። መካከለኛው የእኔ ነው፤ በጣቴ ላይ ያለው የግንብ ጠባሳ ይታያል።

እዚያው ላይ ሳለሁ በሩ ተከፈተና ሰብሳቢው ገቡ። ፊታውራሪ ጋሻው ናቸው። «ኖር!» ብሎ ሁሉም ተነሳ። እኔ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ቀረሁ።

«በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ። ከዚያ አዩኝና ፈገግ አሉ። «ሞቱማ፣ አንተንም እግርህን አመመህ?»

«እግሬ ደኅና ነው፣ ፊታውራሪ» አልኩ። «የእሱም ደኅና ነበር።»

ማንም ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀም። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ተቀመጡ፤ ስብሰባው ተጀመረ። ወጣቱ ጸሐፊ ከጎኔ ነበርና የሚጽፈውን ከጎን ሆኜ አነበብኩ። ሰብሳቢው ሲገቡ አባላቱ በሙሉ በክብር ተነሥተው ተቀበሏቸው፤ አቶ ሞቱማ በሕመም ምክንያት አልተነሡም።

«ልጄ፣ አላመመኝም» አልኩት በጆሮው።

«ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው፣ አባቴ» አለኝ። በጨዋነት ነው የተናገረው፤ ክፋት አልነበረበትም። ወረቀቱን ገለበጠና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ።

ከዚያ ጉባኤ በሦስተኛው ቀን ለቀቅሁ። መዝገቡ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ቢገኝም የሚመሰክረው እንዳነበብኩት ነው። ስለዚህ የወርቅአፈራሁ የልጅ ልጅ፣ ጥያቄሽን መንገድ ላይ ስላልመለስኩልሽ ይቅር በይኝ። አያትሽ እግሩን አላመመውም። ሁላችንም ስንነሳ እሱ ተቀመጠ።